ማንም ያልተሻገረበት ጠዋት

ቀራንዮ አካባቢ መንገድ የሚጠይቀኝ ሰው ካጋጠመኝ፣ ከመመለሴ በፊት ጫማውን ነው የማየው። ልጆቼ ይስቁብኛል። "እማዬ፣ ሊስትሮ ሆንሽ እንዴ?" ይሉኛል። እኔ ግን ምክንያት አለኝ። ምክንያቱን ለእነሱም በቅጡ ነግሬያቸው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁና እነሱም ከፈለጉ ከዚሁ ያንብቡት።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው፤ እንደሚያበቃ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር። እኔ ገና የሙሽርነት ወዜ ያልለቀቀኝ ልጅ ነኝ። ደምሴን አግብቼ ከአማቶቼ ግቢ ገብቻለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት የቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ነው። ደምሴ ከሥራ ሲመለስ በጣቱ እያሳየ አስጀመረኝ፣ የቀረውን እኔው እየተንጠራራሁ ጨረስኩት። ምድጃው አጠገብ ያለው ጋዜጣ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ፣ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ ማንበብ ዛሬም አያቅተኝም። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ዛሬ ታክሲው "ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ" እያለ የሚጣራበት ሜዳ ያኔ ገብስ ነበር። መንደራችን ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ጋ ያልቃል። ከወንዙ ማዶ አብዛኞቹ ከስልጤና ከጉራጌ አገር የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ከነቤተሰባቸው ሰፍረዋል። ወፍጮው እኛ ዘንድ ነው፤ ሱቁ እነሱ ዘንድ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሰው ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል።

የምንሻገረው በታች በኩል ነበር። ትልልቅ ጥቁር ድንጋዮች ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል፤ ከእግር ብዛት የተነሳ ጀርባቸው ለስልሶ ያብለጨልጫል። በሁለቱም ወገን ጭቃ ነው። ሴቱ ቀሚሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጫማ ያለው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እህሉን ወይም እንጨቱን በጀርባው አዝሎ ያልፋል። ክረምት ሲገባ ወንዶቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ ገመድ ይወጥሩና እሱን እየያዝን እንሻገራለን። ውበት የለውም፤ ግን ክረምት ከበጋ ያሻግራል።

ላይ በኩል ደግሞ መስኩ አለ። ጥር ላይ ታቦት የሚወርደው፣ ሙሽራ የሚታጀበው በመስኩ ነው። ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ዓይን ይማርካል። ሰኔ ሲገባ ግን መሬቱ ውሃ ይቋጥርና ከብት እንኳ ይውጣል። ስለዚህ መስኩ የክብር መንገዳችን ነው፣ ታችኛው ደግሞ የኑሯችን። ይህን የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሁሉም ስለሚያውቀውም ማንም አይናገረውም።

ዙበይዳን የተዋወቅኳት ድንጋዩ ላይ ነው። እሷም እንደኔ አዲስ ሙሽራ፣ የባለ ሱቁ የሸምሱ ሚስት ሆና የመጣች ሰሞን፣ እኔ ከወዲህ እሷ ከወዲያ ስንመጣ መካከለኛው ድንጋይ ላይ ተፋጠጥን። ወደ ኋላ የሚመለስ ጠፋ። "እኔ የተሸከምኩት ዱቄት ነው፣ አንቺ ባዶሽን ነሽ፤ ተመለሺ" አልኳት። "ወላሂ አልመለስም፤ አዲስ አገር ገብቼ የመጀመሪያ ነገሬ ወደ ኋላ መሄድ ነው እንዴ?" አለችኝ። በመጨረሻ ተቃቅፈን ዞረን ተላለፍን። ዱቄቱ ግማሹ ወንዝ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴ ልጅ ሆነች ማለት ትችላላችሁ።

ነገሩ በተጀመረ ጊዜ ዙቤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ቀኗ ክረምት ላይ ነው የሚወድቀው። የሁለቱም ማዶ አዋላጅ ደግሞ የኔ አማት፣ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። እጃቸው የተባረከ ነው፣ ጉልበታቸው ግን እንቢ ብሏል። በክረምት የምትወልድ ካለች ደምሴ በጀርባው አዝሏቸው፣ ገመዱን ይዞ በድንጋዮቹ ላይ ያሻግራቸዋል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የጊዮርጊስን ስም ይጠራሉ፤ ደምሴ "እማዬ፣ ጆሮዬን ልቀቂው" ይላል። ባለፈው ክረምት ሊወድቁ ነበርና ዙቤ ፍርሃት ገብቷታል። "ተዋቡ፣ ውሃው ቢሞላስ?" ትለኛለች በየዕለቱ። "ይደርሱልሻል" እላታለሁ።

መጋቢት ላይ ነው መሐንዲሱ የመጣው። መንገድ የሚያወጡ ሰዎች ልከውት በላንድሮቨር መጣ፤ ወጣት፣ ትሁት፣ ፈገግ ሲል ጉንጩ የሚጎደጉድ። ባለ ሦስት እግር የመሬት መለኪያ መነጽሩን ተከለ፣ ሾፌሩ ችካል አወረደ። አማቴ አባባ ወልዴ የመንደሩ ሽማግሌ ስለሆኑ በርኖሳቸውን ደርበው ወጡ። እኔ የእርጎ ማሰሮና ዋንጫ ይዤ ከኋላ ቆምኩ።

መሐንዲሱ ሁለት ነገር ሊያወጣ እንደመጣ አስረዳ። አንደኛው ኮልፌን ከቀራንዮ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ነው። ከተማው እየመጣባችሁ ነው፣ ሳይደርስ መስመር እንያዝ አለ። ሁለተኛውን ሲናገር ግን አባባ ወልዴ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"የእግር መንሸራሸሪያ ነው" አለ። "በወንዙ ዳር፣ በባሕር ዛፉ ውስጥ የሚያልፍ። የከተማ ሰው እሑድ እየመጣ የሚሄድበት።"

"ምን ተሸክሞ?" አሉ አባባ።

"ምንም።"

"ባዶ እጁን ወዴት ነው የሚሄደው?"

"የትም አይሄድም አባባ። ይሄድና ይመለሳል። አየር ይቀበላል።"

አባባ ለረጅም ጊዜ አሰቡበት። ከዚያ በሙሉ ርኅራኄ "ሥራ ያጡ ሰዎች በዝተዋል ማለት ነው" አሉ። መሐንዲሱ እስኪያስለው ሳቀ።

ሳቁ ሲያልቅ ነው ዋናውን ነገር የተናገረው። ለወንዙ የእግረኛ ድልድይ ተፈቅዶልኛል፣ ግን አንድ ብቻ ነው አለ። እንጨቱን ከክረምት በፊት ያስጥላል። የሚያደርገውም ሰው በሚበዛበት ቦታ ነው። "እንግዲህ አባባ፣ ሕዝቡ በየት እንደሚሄድ እርስዎ ይምሩኝ" አለ።

አባባ ወልዴም መሩት። በየት እንደመሩት ገብቷችኋል። ጎረቤቶች በግራና በቀኝ አጅበው፣ አንዱ እሾህ ከፊቱ እያነሳ፣ ታቦት በሚወርድበት፣ ሙሽራ በሚገባበት በመስኩ ወሰዱት። መጋቢት ነው፤ የበልግ ጠብታ ነክቶት መስኩ ለምለም ብሏል። መሐንዲሱ በደስታ ዙሪያውን ይቃኛል። ማንም አልዋሸውም። ከልባቸው ነው ያከበሩት። የተከበረ እንግዳን፣ ሴት ቀሚሷን ሰብስባ በምትሄድበት ጭቃ መውሰድ ለማናቸውም አልታሰባቸውም።

ተመልሰን ላንድሮቨሩ ጋ ስንደርስ ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። እኔ በወዲያኛው በኩል እርጎ እየቀዳሁ ነበር። ዓይኔ በተዘቀዘቀው ወረቀት ላይ አረፈ። የወንዙ መስመር አለ፤ ላይ በኩል፣ መስኩ ካለበት፣ በቀይ "የእግረኛ ድልድይ" ይላል። ታች በኩል ምንም የለም። ድንጋዮቻችን የሉም። እኛ የለንም።

ዋንጫውን አቀበልኩትና ሳላስበው ከአፌ አምልጦኝ "ጌታዬ፣ ሰው በዚህ አይሄድም" አልኩ።

አባባ ፈገግ ብለው "ልጅ ናት" አሉ። መሐንዲሱ ግን ብዕሩን አስቀመጠ።

"በየት ነው የሚሄደው እህቴ?"

"በታች ነው። በድንጋዮቹ። ይሄኛው ለጥር ነው የሚሆነው፤ በክረምት ይውጣል።"

አባባን አየ፣ እኔን አየ። በሥርዓት ያደገ ሰው ነበርና ሽማግሌውን በሰው ፊት ማስተባበል አልፈለገም። "እንዲህ ይሁን" አለ። "ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ታች ወርጄ እቀመጣለሁ። ሰው ሲሻገር በዓይኔ ካየሁ ድልድዩን እዚያ አደርገዋለሁ።"

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ ይቆጡኛል ብዬ እየፈራሁ ነበር። አልተቆጡም። ትንሽ ከሄድን በኋላ ቆም አሉና፣ "ልጄ፣ እንግዳ በጓሮ ይገባል?" አሉኝ።

"ድልድዩ እኮ ለኛ ነው አባባ።"

"ድልድዩስ ለኛ ነው። ሰውየው ግን እንግዳ ነው" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እንዳዘኑ ገባኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ታች ሮጥኩ። ዙቤ ማዶ ውሃ ስትቀዳ አገኘኋት። መካከለኛው ድንጋይ ላይ ቆመን ሁሉንም ነገርኳት። ነገ መሐንዲሱ እንደሚመጣ፣ ሰው ሲያልፍ ካየ ድልድዩ እዚሁ እንደሚሆን፣ እማማ ጥሩነሽ በእንጨት ላይ እንደ እመቤት ተራምደው እንደሚመጡላት። ለማዶዎቹ ሴቶች ሁሉ እንድትነግር፣ እኔም ለኛዎቹ እንደምነግር ተስማማን።

ዙቤ ሆዷን በእጇ ይዛ "ያንቺን ቃል ሰምቶ ነው የሚመጣው?" አለችኝ።

"ለድልድዩ ነው የሚመጣው።"

"አንቺን ሰምቶ አይደል? እንግዲያው ያንቺ እንግዳ ነው። ተዋቡ፣ እንግዳ ጠራሽ!" ብላ አቀፈችኝ። ሁለታችንም ድንጋዩ ላይ ሳቅን።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ያን ምሽት ለሴቶቹ ሁሉ "በየሰዓታችሁ እለፉ" ብያለሁ። "እንደወትሯችሁ ሁናችሁ እለፉ" ግን አላልኩም። ማን ያስባል? ሰው እንደወትሮው እንዲሆን ይነገረዋል እንዴ?

ጠዋት ጉም ነበር። መሐንዲሱ ቃሉን ጠብቆ ማልዶ መጣ። ቦት ጫማ አድርጓል። በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተተ ወርዶ ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አኖረ። አባባ ወልዴ ከላይ ሆነው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ቆመዋል። እኔ ዳር ላይ ነኝ።

ወትሮ በዚያን ሰዓት ድንጋዮቹ ላይ ተራ ይጠበቃል። የምትሳደብ፣ የምትስቅ፣ "አንቺ ቶሎ በይ፣ ወገቤ ተቆረጠ" የምትል አትጠፋም። ያን ቀን ማንም የለም። አንዲት ላም ወርዳ ውሃ ጠጣችና ተመለሰች።

"ትንሽ ዘግይተው ይሆናል" አልኩት።

"ችግር የለም እህቴ፣ እጠብቃለሁ" አለ።

ጉሙ ተገለጠ። ፀሐይ በሾላው ቅጠል መሀል ገብታ ውሃው ላይ ተበተነች። ወፎች መጡ። መሐንዲሱ ዙሪያውን አየ፣ አየርም በረጅሙ ሳበ። "እንዴት ያለ ጸጥታ ነው" አለ። "እህቴ፣ እንዲህ ያለ ቦታ በከተማው ዙሪያ አይቼ አላውቅም።" ሲጽፍ አየሁት። በሕይወቴ ያን ቦታ ጸጥ ብሎ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ጸጥታው ቆንጆ ነበር፤ ግን የኛ አልነበረም።

ፀሐይ ሞቅ እያለች ስትሄድ ከላይ በኩል የሴቶች ድምፅ ሰማሁ። ቀና ብዬ አየሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ መስኩ ነጭ ሆኗል። ከኛ ወገን ያሉት የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከማዶ ያሉት ሻሻቸውን አስረው፣ ጫማ ያላቸው ጫማቸውን አድርገው፣ የሌላቸው ተውሰው፣ በሰልፍ በመስኩ ይሄዳሉ። አንዲትም ሸክም የያዘች የለችም። እህሉ ቤት ቀርቷል፣ እንጨቱም ቀርቷል። ከሁሉም ፊት ዙበይዳ ናት፤ የሠርጓን ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ሆዷ ላይ ጠቧት ጎኑን ተርትራ በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች።

ሮጥኩ። መሐንዲሱም ሮጦ ተከተለኝ። አባባ ወልዴ ቀድመው ደርሰው ነበር፤ ፊታቸው በርቷል።

መሐንዲሱ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ዙቤን ጠየቃት። "እህቴ፣ ወትሮ የምትሄዱት በየት ነው?"

ዙቤ አባባን አየች። ሽማግሌው ትናንት በመስኩ ነው ብለው መርተውታል። በእንግዳ ፊት እሳቸውን ልታዋርድ ነው? ሻሿን አስተካከለችና "በዚሁ ነው ጌታዬ" አለች። ከኋላዋ ያሉት ሁሉ "በዚሁ ነው" አሉ።

"አይደለም!" አልኩ። "ለእርስዎ ብለው ነው እኮ የለበሱት! ዙቤ፣ ንገሪው እንጂ!"

መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ እሱ ነው እስከዛሬ የሚያሳዝነኝ። "እህቴ" አለኝ፣ "እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ታች ተቀመጥኩ፣ ማንም አልመጣም። እዚህ ደግሞ ይኸው።" እጁን ወደ ሴቶቹ ዘረጋ። ልክ ነበር። ቀዩን "የእግረኛ ድልድይ" አልነካውም። ታች በኩል፣ ሾላው አጠገብ፣ አዲስ ነገር ጻፈ። ተዘቅዝቆም ቢሆን አነበብኩት፦ "መንሸራሸሪያ፤ ማረፊያ ቦታ።"

ላንድሮቨሩ ሲሄድ ሴቶቹ እልል አሉ። ድልድይ ተሰጠና! ኋላ እንደሰማሁት ሌሊቱን በየቤቱ የተመከረው ይህ ነበር፦ ጭቃ ተለውሰን ካየን፣ እነዚህ ድልድይ አይገባቸውም ይላል። ድልድይ የሚሰጠው ለተቸገረ ሳይሆን ለተከበረ ሰው መስሏቸው ነው። እስከዚያ ቀን ከላይ የመጣ ነገር ሁሉ ለተቸገረ ተሰጥቶ ስላላዩ ይሆናል፤ አልፈርድባቸውም።

ዙቤ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ መጣች። ፊቷ በደስታ ወዝቷል፣ የተዋሰችው ጫማ ተረከዟን ልጦታል። ክንዴን ያዘችና በጆሮዬ፣ "አላሳፈርኩሽም አይደል?" አለችኝ። "ያንቺ እንግዳ ነው ብዬ እኮ ነው የሠርጌን ያወጣሁት።"

አየኋት። ቢጫው ቀሚስ፣ መርፌ ቁልፉ፣ ሆዷ። "አላሳፈርሽኝም" አልኳት።

የቀረውን አላራዝምባችሁም። ድልድዩ መስኩ ላይ ተሠራ፤ ጥሩ እንጨት ነበር። ታች በኩል ደግሞ ለመንሸራሸሪያው ሠራተኞች መጡ። ጠጠር አለበሱት፣ ከብት እንዳይገባ በእሾህ አጠሩት። ጥቁሮቹን ድንጋዮች ከውሃው አንስተው ሾላው ሥር መቀመጫ አድርገው ደረደሯቸው። ሠራተኞቹን ምን እንላቸዋለን? ወረቀቱ ላይ መሻገሪያ የለም። ጥቂት እሑዶች የከተማ ሰዎች መጡ። መነጽር ያደረጉ፣ ጃንጥላ የያዙ፣ ትሁት ሰዎች። ሴት ልጆቻቸውን ድንጋዮቻችን ላይ አስቀምጠው ፎቶ ያነሷቸዋል። ሰላምታም ይሰጡናል።

ሐምሌ ላይ፣ በቀትር፣ ሰማይ ተቀዶ በሚወርድበት ዝናብ፣ ሸምሱ ማዶ ሆኖ ሲጮህ ሰማን። ዙቤ ምጥ ይዟታል። ደምሴ እናቱን አዝሎ ሮጠ፤ እግሩ ልማዱን ይዞ ወደ ታች ነው የወሰደው። ውሃው አለ፣ የሚረገጥ ድንጋይ የለም። ሸምሱ ከዚያ፣ እኛ ከዚህ ቆመን ተያየን። ዝናቡ ባይኖር ኖሮ እጅ ለእጅ የምንያያዝ ይመስላል። ከዚያ ደምሴ ወደ ላይ ዞረ። መስኩ እስከ ጉልበቱ ዋጠው። ወደቀ፣ እማማ ጥሩነሽ ጭቃ ውስጥ ገቡ፣ ተነሱ፣ ደግሞ ወደቁ። ድልድዩ ከሩቅ ይታያል። እንጨቱ ንጹሕ ነው፤ ማንም አልረገጠበትም።

ሲደርሱ ልጁ ተወልዶ ነበር። ወንድ ነው። እትብቱ አንቆት ነበር የተወለደው፤ የሚፈታው እጅ በሰዓቱ አልነበረም። እማማ ጥሩነሽ ለዙቤ ደረሱላት፤ ለልጁ አልደረሱም።

ዙቤ አንድም ቀን ስለዚያ ጠዋት አላነሳችብኝም። ልጠይቃት ስሄድ እጄን ይዛ ትተኛለች። መስከረም ላይ ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ ወደ መርካቶ ወሰዳት። ጥቂት ዓመት እየተላላክን ቆየን፣ ከዚያ አገሩ ተተራመሰ፣ መልእክቱም ተቋረጠ። ዛሬ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም።

መንሸራሸሪያውም አልቆየም። አሁን ያ ቦታ በቤት ላይ ቤት ሆኗል፣ ወንዙም ቱቦ ገብቷል። ድንጋዮቹ የአንድ ሰው ግንብ ውስጥ ገብተዋል ይባላል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። ጉዳይ ሊያይ የመጣ ሰው፣ የቀበሌም ይሁን የመንገድ፣ ደጄ ሲቆም ቤቴን አልጠርግም። ልጆቼ ያፍሩብኛል። ውሃ የሚገባበትን ጓሮ፣ የሚሸተውን ቦይ አሳየዋለሁ። መንገድ የሚጠይቀኝንም ጫማውን አይቼ፣ "ይሄ ጫማ ይበላሻል፣ ግን እውነተኛው መንገድ በዚህ ነው" እለዋለሁ። አባባ ወልዴ ቢሰሙኝ አሁንም የሚያዝኑ ይመስለኛል። እሳቸውም፣ ዙቤም፣ ያ ትሁት መሐንዲስም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እንዴት እንደምትኖሩ ሊያይ የመጣ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ልብስ አትቀይሩ። እኔ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማለት ያን ምሽት መካከለኛው ድንጋይ ላይ ጊዜ ነበረኝ፤ አልመጣልኝም።

አንዳንዴ ወፍጮው በነበረበት በኩል ሳልፍ አንዲት ሴት ከፊቴ ቢጫ ለብሳ ትሄዳለች። ፊቷን ለማየት እግሬን አፈጥናለሁ። ዙቤን ባገኛት ምን እላት ይሆን እያልኩ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። አሁን አሁን ግን ሁሉንም ትቼዋለሁ። ብትጠይቀኝ የምመልስላት ያኔ የመለስኩላትን ነው።

አላሳፈርሽኝም፣ ዙቤ።